ቅርጽ አልባዎቹ ፕሮቲኖች እና የጋራው የዕውቀት ጎተራ

አርሶ አደሩ አጭዶ፣ ወቅቶና አበራይቶ ጎተራ ያስገባው የጤፍ ዘር ለወራት ጠብታ ውኃ ሳያገኝ ይቆያል። የጤፍ ቅጠል በዚያ መጠን ቢደርቅ ዳግም አይለመልምም፤ ዘሩ ግን ክረምት ገብቶ ማሳው ሲርስ በጥቂት ቀናት ውስጥ አፈሩን ሰንጥቆ ይበቅላል። አንድ ተክል በቅጠሉ የማይችለውን ድርቀት በዘሩ እንዴት ቻለው?

ለዚህ ጥያቄ ከተገኙት መልሶች አንዱ የተጀመረው በጥጥ ዘር ላይ ነው። እ.ኤ.አ በ1981 አሜሪካዊው ተመራማሪ ሊዮን ዱር እና ባልደረቦቻቸው የጥጥ ዘር ሊበስል ሲቃረብ በብዛት የሚያመርታቸውን ፕሮቲኖች ለይተው አወጡ። ተመሳሳይ ፕሮቲኖች በስንዴ፣ በገብስ፣ በበቆሎ እና በሌሎች በርካታ ተክሎችም ተገኙ። ውኃ ከዘሩ እየወጣ ሲሄድ እነዚህ ፕሮቲኖች ሌሎቹን የሕዋስ ክፍሎች እርስ በርስ ተጣብቀው እንዳይበላሹ ይጠብቃሉ። ተመራማሪዎችን ይበልጥ ያስገረመው ግን አብዛኞቹ በውኃ ውስጥ ሳሉ ቋሚ ቅርጽ የሌላቸው መሆናቸው ነበር።

የዘሩን ድርቀት መቻል፣ የወባን ክትባት እና የካንሰርን ጥናት አንድ የሚያደርጋቸው ጉዳይ እዚህ ላይ ይገኛል። ቅርጽ አልባ ፕሮቲኖችን ለማወቅ ዓለም የጋራ የመረጃ ጎተራ እየገነባ ነው። በዚህ ጎተራ ውስጥ የጤፍ፣ የማሽላ እና የኑግ ድርሻ ምን ያህል እንደሚሆን የሚወስነው ደግሞ ማን ምን እንዳስገባ ነው።

ጓጉንቸር እና ነጠላ

ፕሮቲን አሚኖ አሲድ ከሚባሉ 20 ዓይነት ጥቃቅን አካላት እንደ ዶቃ ተሰክቶ የሚሠራ ረጅም ሰንሰለት ነው። የሳይንስ መጻሕፍት ለብዙ ዘመን ያስተማሩት ይህ ሰንሰለት ታጥፎ አንድ የተወሰነ ቅርጽ እንደሚይዝ፣ ሥራውንም የሚያከናውነው በዚያ ቅርጹ እንደሆነ ነው። ጀርመናዊው የኬሚስትሪ ሊቅ ኤሚል ፊሸር እ.ኤ.አ በ1894 ኢንዛይም የሚሠራበትን ነገር የሚያገኘው ጓጉንቸር ቁልፉን እንደሚያገኝ ነው ሲሉ ገለጹት። ቅርጹ ካልገጠመ ሥራ የለም ማለት ነው። ይህ ምሳሌ ከመቶ ዓመት በላይ የዘርፉ መመሪያ ሆኖ ቆየ።

ይሁን እንጂ በየቤተ ሙከራው ለመመሪያው የማይገዙ ፕሮቲኖች ይገኙ ነበር። ቅርጻቸው አልያዝ ሲል ብዙዎች ጥፋቱን ለናሙናው አያያዝ ይሰጡና ወደ ሌላ ሥራ ይሄዱ ነበር። እ.ኤ.አ በ1999 በአሜሪካ የስክሪፕስ የምርምር ተቋም ተመራማሪዎች ፒተር ራይት እና ጄን ዳይሰን ባሳተሙት ጽሑፍ ቋሚ ቅርጽ አለመኖር ራሱ የሥራ መንገድ ሊሆን እንደሚችል ማስረጃዎችን አሰባስበው አቀረቡ። የቅርጽና የተግባር ዝምድናም እንደገና እንዲጤን ጠየቁ።

ቅርጽ አልባ ፕሮቲንን ከነጠላ ጋር ማነጻጸር ይቻላል። ነጠላ ለብቻው ሲቀመጥ የራሱ ቅርጽ የለውም፤ የለበሰውን ሰው ትከሻ ተከትሎ ይወርዳል፤ እንደ ደስታው ወይም እንደ ሐዘኑ አለባበሱ ይለወጣል። እንዲህ ያለው ፕሮቲንም ከአንዱ ጋር ሲገናኝ አንድ ቅርጽ፣ ከሌላው ጋር ሲገናኝ ሌላ ቅርጽ ይይዛል። በሰው ሕዋስ ውስጥ ካሉት ፕሮቲኖች ሲሶ ገደማ የሚሆኑት እንዲህ ያለ ረዘም ያለ ቅርጽ አልባ ክፍል እንዳላቸው ይገመታል።

ጉዳዩ ከጤና ጋር ያለው ትስስር ጥብቅ ነው። በፓርኪንሰን ሕመም በአንጎል ሕዋሳት ውስጥ ተከማችቶ የሚገኘው አልፋ ሲኑክሊን የተባለው ፕሮቲን 140 አሚኖ አሲዶች ያሉት ቅርጽ አልባ ፕሮቲን ነው። በአልዛይመር ሕመም የሚጓጉለው ታው የተባለው ፕሮቲንም ከዚሁ ወገን ነው። ሕዋስ ወደ ካንሰር እንዳይለወጥ የሚጠብቀው፣ በግማሽ ገደማ በሚሆኑ ካንሰሮች ዘረ መሉ ተበላሽቶ የሚገኘው ፒ53 የተባለው ፕሮቲን ሁለቱም ጫፎቹ ቋሚ ቅርጽ የላቸውም።

ወባ ለሚያጠቃቸው ቆላማ አካባቢዎች ደግሞ ሌላ ምሳሌ አለ። የወባ ተውሳክ ከትንኟ ወደ ሰው ሲገባ የላይኛውን ገጽታውን በሸፈነው ፕሮቲን ላይ አራት አሚኖ አሲዶች እየተደጋገሙ የተሠራ ክፍል ይገኛል። ይህ ክፍል እንደ ገመድ የሚተጣጠፍ እንጂ አንድ ቅርጽ ይዞ የሚቆም አይደለም። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ በ2021 እና በ2023 አገልግሎት ላይ እንዲውሉ የመከራቸው ሁለቱ የወባ ክትባቶች ይህንኑ ተደጋጋሚ ክፍል ይዘዋል። የተሻለ ክትባት ለመሥራት የሰውነት መከላከያ እንዲህ ያለውን ተለዋዋጭ ክፍል እንዴት እንደሚይዘው ማወቅ ያስፈልጋል።

በሰባት የተጀመረው ጎተራ

ቅርጽ ያላቸው ፕሮቲኖች የጋራ ማከማቻ ካገኙ ከ50 ዓመት በላይ ሆኗቸዋል። እ.ኤ.አ በ1971 በአሜሪካ ብሩክሄቨን ቤተ ሙከራ የተመሠረተው የፕሮቲን መረጃ ባንክ ሥራውን የጀመረው በሰባት ፕሮቲኖች ቅርጽ ብቻ ነበር። ቀስ በቀስ ታላላቅ የሳይንስ መጽሔቶች ቅርጹን በባንኩ ያላስቀመጠ ተመራማሪ ጽሑፉ እንደማይታተምለት ደነገጉ። ደንቡ ልማድ ሆነ። ባንኩ ዛሬ ከ200 ሺህ የሚበልጡ በሙከራ የተረጋገጡ ቅርጾችን ይዟል፤ ማንም ሰው ከየትም አገር ያለ ክፍያ ሊወስዳቸው ይችላል።

የዚህ ትዕግሥት ፍሬ በሰው ሠራሽ አስተውሎት ታየ። አልፋፎልድ የተባለው ሥርዓት የፕሮቲንን የአሚኖ አሲድ ቅደም ተከተል ብቻ አይቶ ቅርጹን መተንበይ ቻለ። ከሥራው ባለቤቶች መካከል ዴሚስ ሃሳቢስ እና ጆን ጃምፐር እ.ኤ.አ በ2024 የኬሚስትሪን የኖቤል ሽልማት ከዴቪድ ቤከር ጋር ተጋርተዋል። ሥርዓቱ የተማረው ግን በብዙ አገሮች ያሉ ተመራማሪዎች ለግማሽ ምዕተ ዓመት አንድ በአንድ ካስቀመጧቸው፣ በወቅቱ ከ150 ሺህ ከሚበልጡ ቅርጾች ነው። ማከማቻው ባይኖር ማሽኑ የሚማርበት ነገር አይኖረውም ነበር።

አልፋፎልድ ከ200 ሚሊዮን በላይ ፕሮቲኖችን ተንብዮ ለሕዝብ ክፍት አድርጓል። ነገር ግን ቅርጽ አልባ ክፍሎች ላይ ሲደርስ የሚሰጠው መልስ በአብዛኛው ዝቅተኛ እርግጠኝነት የሚል ምልክት ነው። ምልክቱ በራሱ ይጠቅማል፤ እዚህ ቦታ ላይ ቋሚ ቅርጽ ላይኖር ይችላል ብሎ ይጠቁማልና። ክፍሉ ምን እንደሚሠራ፣ ከማን ጋር እንደሚጣመር፣ ውኃ ሲጎድል ወይም ሙቀት ሲጨምር ምን እንደሚሆን ግን አይናገርም። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ ማሽኑ የተማረበት ባንክ የተሠራው አንድ ቋሚ ቅርጽ ላላቸው ፕሮቲኖች ነው። እህል ለማከማቸት የተሠራ ጎተራ ማር እንደማይዝ ሁሉ፣ ለቋሚ ቅርጽ የተሠራ መዝገብም በየቅጽበቱ የሚለዋወጠውን አይዝም።

ስም እና አድራሻ የሌለው ዘር

ክፍተቱን ለመሙላት ልዩ ልዩ የመረጃ ቋቶች ተቋቁመዋል። ዲስፕሮት የተባለው ቋት ቅርጽ አልባነታቸው በሙከራ የተረጋገጠ ፕሮቲኖችን ይመዘግባል። ሥራው የሚመራው በጣሊያን ከፓዶቫ ዩኒቨርሲቲ ሲሆን ከ2,000 በላይ ፕሮቲኖችን ይዟል። ሌላው ቋት አንድ ፕሮቲን የሚመላለስባቸውን በርካታ ቅርጾች በአንድነት ያስቀምጣል። ሞቢዲቢ የተባለው ደግሞ በሙከራ የታወቀውን እና በኮምፒውተር የተተነበየውን አጣምሮ ያቀርባል። እነዚህን ሥራዎች የሚያስተሳስረው መቀመጫውን በእንግሊዝ ሂንክስተን ያደረገው ኤሊክሲር የተባለ የአውሮፓ አገሮች የመረጃ መሠረተ ልማት ድርጅት ነው፤ በሥሩ በቅርጽ አልባ ፕሮቲኖች ላይ የሚሠራ ማኅበረሰብ አለ።

ከ200 ሺህ አንጻር 2,000 ትንሽ ይመስላል። ልዩነቱ የመጣው ከሥራው ጠባይ ነው። የዲስፕሮትን መዝገብ የሚሞሉት ሥልጠና የወሰዱ ባለሙያዎች የታተሙ የምርምር ጽሑፎችን አንድ በአንድ አንብበው ነው። ሙከራው በሙሉ ፕሮቲኑ ላይ ነው ወይስ በቁራጩ? ሙቀቱ ስንት ነበር? ጨውና አሲድስ? በብልቃጥ ውስጥ ነው ወይስ በሕያው ሕዋስ ውስጥ? ቅርጽ አልባ ፕሮቲን አካባቢውን ተከትሎ ስለሚለዋወጥ እነዚህ ዝርዝሮች ከሌሉ የተገኘው ውጤት ከሌላው ጋር ሊነጻጸር አይችልም።

ችግሩን የኢትዮጵያ የዘር ጥበቃ ታሪክ በሚገባ ያስረዳል። እ.ኤ.አ በ1976 በጀርመን መንግሥት ትብብር በአዲስ አበባ የተቋቋመው፣ ዛሬ በኢትዮጵያ የብዝኃ ሕይወት ኢንስቲትዩት ሥር የሚገኘው የዘር ባንክ የአርሶ አደሩን ዘር ሲሰበስብ ከዘሩ ጋር አብሮ የሚመዘግበው ነገር አለ። ዘሩ ከየት ወረዳ እንደመጣ፣ የቦታው ከፍታ፣ የተሰበሰበበት ቀን እና አርሶ አደሩ የሚጠራበት ስም አብረው ይገባሉ። ይህ ሁሉ የሌለው ዘር ቢበቅልም እንኳ ለአዳቃዩ ባለሙያ የሚነግረው ነገር ጥቂት ነው። ደጋ የለመደ ይሁን ቆላ፣ ድርቅ የቻለ ይሁን ውርጭ አይታወቅም።

የፕሮቲን ተመራማሪዎችም ወደዚሁ ሥርዓት መጥተዋል። እ.ኤ.አ በ2023 የዘርፉ ባለሙያዎች በቅርጽ አልባ ፕሮቲን ላይ የተደረገ ሙከራ ሲታተም ቢያንስ ሊገለጹ የሚገባቸውን ነገሮች ዘርዝረው መስፈርት አወጡ። መስፈርቱ በሁሉም ዘንድ ቢሠራበት የአንዱ ቤተ ሙከራ ውጤት ለሌላው መሠረት ይሆናል፤ ለማሽኖችም የሚማሩበት ንጹሕ መረጃ ያዘጋጃል።

የጋራ መዝገቡ እንደ ፈታኝም ያገለግላል። እ.ኤ.አ በ2021 ይፋ በሆነ ውድድር ገና ለሕዝብ ያልተገለጹ 646 ፕሮቲኖች ከዲስፕሮት ተወስደው 43 የትንበያ ዘዴዎች ተፈትነዋል። መልሱ አስቀድሞ ስላልታወቀ ማንም ሸምድዶ ማለፍ አልቻለም። ማሽን አወቀ ሲባል በእርግጥ ማወቁን የሚለካው እንዲህ ያለ ገለልተኛ ሚዛን ነው፤ ሚዛኑም ያለ ጋራ መዝገብ አይቆምም።

ጎተራውን ማን ይጠብቃል

ለአዲስ ሕንጻ ገንዘብ ማግኘት ይቀላል፤ ለጥገና ገንዘብ ማግኘት ግን ይከብዳል። በመረጃ ቋትም ያው ነው። አብዛኞቹ ቋቶች የሚጀመሩት ለሦስት ወይም ለአምስት ዓመት በሚሰጥ የምርምር ድጋፍ ነው። ጊዜው ሲያበቃ አዲስ ግኝት ያሳዩ ይባላሉ፤ ሥራቸው ግን የሌሎችን ግኝት በሥርዓት መጠበቅ ነው። ሠራተኛው ይበተናል፣ መዝገቡ አይታደስም፣ አድራሻውም አንድ ቀን አይከፈትም።

በዕፅዋት ሳይንስ የሆነው ትምህርት ይሰጣል። አረቢዶፕሲስ የተባለችው ትንሽ አረም በዓለም የዕፅዋት ምርምር ዋነኛ መማሪያ ናት። ስለ እሷ የተሰበሰበውን ዕውቀት የያዘው የመረጃ ቋት እ.ኤ.አ በ2010ሮቹ የመጀመሪያ አጋማሽ ከአሜሪካ ብሔራዊ ሳይንስ ፋውንዴሽን ያገኝ የነበረው ድጋፍ ሲቋረጥ ህልውናውን ለማትረፍ ወደ ክፍያ ሥርዓት ዞረ። ቋቱ ተረፈ፤ በነጻ ይገኝ የነበረው ነገር ግን በሩ ጠበበ። ሀብታም ተቋማት ከፈሉ፤ አቅም የሌላቸው በልዩ ሁኔታ ወይም በውስን አገልግሎት መኖር ግድ ሆነባቸው።

በቅርጽ አልባ ፕሮቲኖች ዘርፍ ያለው አደጋም ይኸው ነው። የምዝገባው ሥራ ሰው ይፈልጋል፣ ጊዜ ይፈልጋል፣ ዝናም የለውም። ባለሙያዎች የሚያቀርቡት ሐሳብ መንግሥታት እና የምርምር ደጋፊዎች ለቋቶች የሚመድቡትን ገንዘብ ከአጭር ፕሮጀክት አውጥተው እንደ መንገድና እንደ ውኃ መስመር ቋሚ በጀት ይያዙለት የሚል ነው።

ጤፍ በመዝገቡ ውስጥ

የጤፍ ሙሉ የዘረ መል ንባብ ለመጀመሪያ ጊዜ የታተመው እ.ኤ.አ በ2014 ሲሆን የተነበበው ፀደይ የተባለው ዝርያ ነበር። ሥራውን የመራው በስዊዘርላንድ የበርን ዩኒቨርሲቲ ቡድን ነው። እ.ኤ.አ በ2020 ደግሞ ዳቢ የተባለው ዝርያ ይበልጥ በተሟላ ሁኔታ ተነበበ። በዚያው ዓመት ሌላ ጥናት ጤፍን በደቡባዊ አፍሪካ ከሚበቅል የቅርብ ዘመዱ ጋር አነጻጸረ። ይህ ሣር ቅጠሉ ፈጽሞ ከደረቀ በኋላ ዝናብ ሲያገኝ ዳግም ይለመልማል።

የንጽጽሩ ውጤት ትኩረት የሚስብ ነው። በዘር መድረቅ ወቅት ከሚሠሩት ዘረ መሎች አብዛኞቹ በድርቀት ጊዜ በሁለቱም ተክሎች ቅጠል ላይ በተመሳሳይ ሁኔታ ተነሥተው ታይተዋል። የድርቀት መቋቋሚያው መሣሪያ በከፊል ጤፍ ውስጥም አለ ማለት ነው። ድርቀትን በሚችሉት ተክሎች ብቻ የተነሡት ጥቂት ዘረ መሎች ናቸው።

የዘረ መል ዝርዝር ግን የሥራው ግማሽ ነው። ዘርን ከድርቀት ከሚጠብቁት ፕሮቲኖች ብዙዎቹ ቅርጽ አልባ ስለሆኑ ምን እንደሚያደርጉ ለማወቅ እያንዳንዳቸው በልዩ ልዩ ርጥበትና ሙቀት መለካት ይኖርባቸዋል። በጋራ ቋቶቹ የተመዘገበው መረጃ ወደ ሰው እና በቤተ ሙከራ ወደተለመዱ ጥቂት ፍጥረታት ያደላል። ማሽኖች የሚማሩት ከተመዘገበው ስለሆነ የሰውን ፕሮቲን በተሻለ ይተነብያሉ፤ ለጤፍ ወይም ለኑግ ሲጠየቁ ግን ከሩቅ ዘመድ ወስደው ይገምታሉ። ድርቅ ለሚፈራረቅበት አካባቢ ዝርያ የሚያሻሽል ባለሙያ በግምት ላይ ተመሥርቶ ዓመታት የሚወስድ ማዳቀል ቢጀምር ኪሳራው በመጨረሻ የሚደርሰው ማሳ ላይ ነው።

መረጃን በጋራ ማስቀመጥ ሲነሣ አርሶ አደሩ የሚያነሣው ሥጋት አለ፤ ሥጋቱም መሠረት አለው። የጤፍ ዱቄትን በሚመለከት አንድ የኔዘርላንድስ ኩባንያ ይዞት የነበረው የባለቤትነት መብት ኢትዮጵያን ለዓመታት ሲያከራክር ቆይቷል። የሄግ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ በ2018 በዚያ አገር የተሰጠው መብት አዲስ ፈጠራ የሌለበት ነው ብሎ ውድቅ አድርጎታል። ያ ውዝግብ ካስተማረው ነገር አንዱ ቀድሞ በይፋ የተመዘገበ ዕውቀት ያለውን ዋጋ ነው። ቀድሞ የታወቀን ነገር ማንም አዲስ ፈጠራዬ ነው ሊል አይችልም። ስለዚህ ስምን፣ ምንጭን እና ቀንን ይዞ በጋራ መዝገብ የገባ መረጃ ራሱ ጥበቃ ይሆናል።

የጥቅም ክፍፍሉ ግን በመዝገብ ብቻ አይፈታም። ኢትዮጵያ በአዋጅ ቁጥር 482/1998 የጄኔቲክ ሀብትን ማግኘትና የማኅበረሰብ መብትን የሚመለከት ሕግ አውጥታለች። የዓለም አገሮችም እ.ኤ.አ በ2022 በሞንትሪያል ከዘረ መል መረጃ የሚገኝ ጥቅም ለመረጃው ምንጭ አገሮችና ማኅበረሰቦች የሚደርስበት የጋራ ሥርዓት እንዲቋቋም ተስማምተው፣ ለዚሁ የተዘጋጀው የካሊ ፈንድ እ.ኤ.አ በ2025 ተከፍቷል። ኩባንያዎች ወደ ፈንዱ የሚያስገቡት በፈቃደኝነት በመሆኑ ምን ያህል ገንዘብ እንደሚሰበሰብ የሚወሰነው በመንግሥታት ግፊት ነው። መረጃው ክፍት ሆኖ ጥቅሙ እንዲመለስ ሁለቱ ጎን ለጎን መሄድ አለባቸው።

ከቤተ ሙከራው በፊት የሚጀመር ሥራ

ቅርጽ አልባ ፕሮቲንን ከሚለኩ መሣሪያዎች ብዙዎቹ እጅግ ውድ ናቸው። የምዝገባው ሥራ ግን የሚጠይቀው የሠለጠነ አንባቢ፣ ኮምፒውተር እና ኢንተርኔት ነው። የባሕር ዳር እና የጎንደር ዩኒቨርሲቲዎች በባዮቴክኖሎጂ ያስተምራሉ፤ የአማራ ክልል ግብርና ምርምር ኢንስቲትዩትም በዝርያ ማሻሻል የካበተ ልምድ አለው። ተመራቂዎቻቸው በዚህ የምዝገባ ሥራ ቢሠለጥኑ ስለ አካባቢው ሰብሎች የታተመውን ሁሉ ወደ ጋራው ቋት ማስገባት፣ ገና ያልተጠናውንም ለይተው ማሳየት ይችላሉ። የትኛው የጤፍ ፕሮቲን በቅድሚያ መለካት እንዳለበት የሚጠቁም ዝርዝር በእጁ የያዘ ተቋም፣ መሣሪያው ካለው የውጭ ቤተ ሙከራ ጋር ሲደራደር የራሱን ጥያቄ ይዞ ይቀርባል።

ሌላው ሥራ በምርምር አመራሩ እጅ ነው። በመመረቂያ ጽሑፍና በፕሮጀክት የተገኘ መረጃ በግል ኮምፒውተር ቀርቶ እንዳይጠፋ፣ ድጋፍ ሲሰጥ የማስቀመጥ ግዴታ አብሮ ሊጻፍበት ይገባል። የፕሮቲን መረጃ ባንክን ከሰባት ወደ 200 ሺህ ያደረሰው ይኸው ቀላል ደንብ ነው።

አርሶ አደሩ ለመጪው ክረምት የሚዘራውን ዘር ከሚበላው እህል ለይቶ ያስቀምጣል። በችግር ወቅት እንኳ ዘሩን ላለመንካት ይጥራል፤ ዘር ያልያዘ በሰኔ ከሰው ደጅ እንደሚቆም ያውቃልና። የምርምር መረጃም እንዲህ ያለ ጥንቃቄ ይሻል። የነገዎቹ ማሽኖች ስለ ጤፍ ሲጠየቁ የሚመልሱት ዛሬ ከተመዘገበው ተነሥተው ነው።